ሁለት ጊዜ ብቻ

ወረቀቱን ያወጣችው የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ራሷ ነበረች። ከየአልጋው እግርጌ በክር የሚንጠለጠል ግማሽ ገጽ ነው፤ ነርሶቹ በየፈረቃው እየዞሩ በሽተኛዋን ቀጠን ያለ ሰገራ ስንት ጊዜ እንደወጣት ይጠይቁና ቁጥሩን ጽፈው ይፈርሙበታል። ከዚያ በፊት የሴቶቹ የአጥንት ክፍል የሆስፒታሉ መሳቂያ ነበር። አንዷ ሆዴ ጮኸ ባለች ቁጥር ናሙና ይላካል። የላቦራቶሪው ኃላፊ በወሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እናንተ የምታክሙት አጥንት ነው ወይስ ሽንት ቤት?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሲስተር አልሳቀችም። ሦስት ሳምንት መጻሕፍት ስታገላብጥ ሰንብታ ደንብ አወጣች፦ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ያስቀመጣት በሽተኛ ናሙናዋ ይላካል፣ ውጤቱ እስኪመጣም ወደ ነጠላው ክፍል ትዛወራለች። ከሦስት በታች ከሆነ ይጠበቃል።

ክፉ ደንብ አልነበረም። በትልልቆቹ መጻሕፍትም ያለ ነው። ዓመት ሳይሞላው ክፍሉ ከጭራነት ወጥቶ ከፊት ተሰለፈ፣ በሆስፒታል ውስጥ የሚያዝ የአንጀት ሕመምም ከነአካቴው የጠፋ መሰለ። ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ጊዜ የቀራት የነርሶቹ ሁሉ አለቃ፣ ሜትረኗ፣ «ወንበሬን ማን እንደምትይዘው ሁሉም ያውቃል» ማለት ጀምራ ነበር።

የሲስተር እናት ወድቃ የመጣችው ይኼኔ ነው።

እናትየው ለሆስፒታሉ እንግዳ አይደለችም። በምድር ቤቱ ልብስ ማጠቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች፣ የመጨረሻዎቹን ዐሥራ ሁለት ዓመታት በአለቅነት። ስሟን የሚጠራት አልነበረም፤ ከዳይሬክተሩ እስከ ዘበኛው «እትዬ በረኪና» ይሏታል። እጆቿ እስከ ክርን ድረስ ነጥተው ቀርተዋል። እሷም ቅጽል ስሟን እንደ ማዕረግ ነበር የያዘችው። «ሌላው ሹመቱን በትምህርት ያገኛል፣ እኔ በመዘፍዘፍ» ትላለች። ልጇን ያስተማረቻትም በዚያው በመዘፍዘፍ ነው።

በሰባ አንድ ዓመቷ፣ መጋረጃ አውርጄ ልጠብ ብላ በርጩማ ላይ ወጣችና ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ። በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ልጇ ክፍል ስትገባ ሕመሙ ፊቷን ጨምድዶታል፤ አፏን ግን አልያዘውም።

«የተሰበርኩት በእጥበት ላይ ነው» አለች። «የሥራ ላይ አደጋ ተብሎ ይጻፍልኝ።»

ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ተሰጣት። ዐሥር ቁጥር ላይ የተኛችው የሲስተር እኩያ የሆነች ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪናዋን ከፎቅ ሲያወርዱላት አምልጧቸው እግሯን የሰበራት። አጥንቱ ቆዳዋን ቀድዶ ስለወጣ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ትወስዳለች፣ በክራንች ታነክሳለች፣ ሲነጋ የጀመረችውን ወሬ መብራት ሲጠፋ ትጨርሳለች።

እናትየው ገና እንደተኛች አንሶላውን በሁለት ጣቷ አሻሽታ ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው።

«ይኼን ማነው ያጠበው?»

«ማሽን ነዋ፣ እማዬ።»

«ማሽንማ ያሽከረክራል። ማነው ያጠበው ነው ያልኩሽ። አበባ አበባ ይሸታል፤ በረኪናው የታለ?»

«በረኪና ቀርቷል። አሁን የሚመጣው ሽታ ያለው ፈሳሽ ነው። እጅም በአልኮል ሆኗል፣ በየበሩ ተሰቅሎ አላየሽም?»

«አየሁት። አላፊ አግዳሚው ጠብ ያደርግና እንደ ሽቶ ይቀባባዋል። ውሃ የሚባል ነገር የት ገባ?»

«እትዬ፣ አይናገሩብን!» አለች ልብስ ሰፊዋ ከወዲያ። «በዕድሜዬ ሽቶ በነፃ የተቀባሁት እዚህ ብቻ ነው።»

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። በሦስተኛው ቀን ግን እናትየው ትቃዥ ጀመር፤ ልጇን በሞተች እህቷ ስም ጠራቻት፣ መጋረጃውን ዝናብ ሳይመጣ አስገቡት አለች። ሽንቷም ደፍርሶ ነበር። ሲስተር የመመርመሪያ ወረቀት ብትነክርበት ቀለሙን ለወጠ። ወዲያው ትንሹን ዶክተር አስጠራችው። ከዋናው ሐኪም ለመለየት ነው እንዲህ የሚሉት፤ ሥራ ከጀመረ ስምንት ወሩ ነው። በእነዚህ ስምንት ወራት ሲስተር ሦስት ጊዜ ከስሕተት አድናዋለች፣ ሁለቱም ያንን አይረሱም።

«ትኩሳት የላቸውም» አለ ትንሹ ዶክተር። «ሲሸኑም አያቃጥላቸውም። በዚህ ዕድሜ የብዙ እናቶች ሽንት እንዲህ ነው፤ ተሕዋሱ መኖሩ ብቻውን በሽታ አይደለም። የሚያቃዣቸው ማደንዘዣውና የሕመም ማስታገሻው ይመስለኛል። ውሃ እንስጣቸውና ነገ እንያቸው።»

«ነገ? ዳሌዋ ውስጥ ብረት አለ። ከሽንቷ ተነሥቶ ብረቱ ላይ ቢወጣ ማነው የሚጠየቀው? ለማንኛውም ጻፍላት።»

«ሲስተር፣ ለማንኛውም የሚባል መድኃኒት እኮ የለም።»

«አንተ ጻፍ። ስሙን እኔ አወጣለታለሁ።»

ጻፈ። በደም ሥር የሚሰጥ፣ ያገኘውን ተሕዋስ ሁሉ የሚጠርግ መድኃኒት፣ ለሰባት ቀን። በማግስቱ እናትየው ነቃች፤ የልጇን ስም ጠርታ ሻይ ጠየቀች። ምንም ባይሰጣትም ያን ቀን መንቃቷ ባልቀረ ነበር፤ ያዩት ሁሉ ግን መድኃኒቱን አመሰገኑ። ትንሹ ዶክተርም እንኳ ራሱን ነቀነቀና፣ «ደግ አደረግን» አለ።

መድኃኒቱ በተጀመረ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሆዷ ተናወጠ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሜትረኗ ልትጠይቃት መጥታ ነበር። የአልጋውን ብረት ይዛ፣ ሲስተር እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ይኼ ወር እንዲሁ ንጹሕ ሆኖ ካለቀ ልጅዎ ወንበሬ ላይ ናት» አለቻት። እናትየው ያንን ቢሮ ታውቀዋለች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ በሁለት በኩል መስኮት አለው። መጋረጃዎቹን በየሦስት ወሩ ስታጥብ ኖራለች፤ ተሰቅለው ግን አይታቸው አታውቅም፤ የሚሰቅል ሌላ ሰው ነበር።

አሁን አራት እግር ያለውን የብረት መደገፊያዋን እየገፋች ወደ ሽንት ቤት ሦስተኛ ጊዜ ደርሳ ስትመለስ፣ ልብስ ሰፊዋ ክርኗን ተደግፋ ጠበቀቻት።

«እትዬ፣ ሦስተኛዎ ነው።»

«ቆጣሪ አድርጎ የሾመሽ ማነው?»

«ልጅዎ ናታ! ሦስት ከሆነ ይነገር ብላለች።»

«ልጄ እንዲያ ያለችው ለበሽተኞች ነው።»

«እርስዎ ታዲያ ምንድን ነዎት? ለጉብኝት ነው የመጡት?»

እናትየው ቀስ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ስሚኝ» አለች። «ከእነዚህ ነርሶች የግማሾቹን የመጀመሪያ ጋዋን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ቂጤን ይጠቡልኝ? ይኼ ወር ሊያልቅ የቀረው ዐሥራ አንድ ቀን ነው። ዐሥራ አንድ ቀን ሆዴን መያዝ ያቅተኛል?»

«ሆድ በጉልበት ይያዛል እንዴ?»

«በጉልበት ባይያዝ በምላስ ይያዛል።»

ብዙም ሳይቆይ ከነርሶቹ ረጅሟ መጥታ ከእግርጌው ወረቀቱን አነሣች። «እትዬ፣ ሆድ እንዴት ዋለ? ቀጠን ያለ ነገር ነበር?»

«ነበር። ሁለት ጊዜ ብቻ።»

ነርሷ ጽፋ ፈርማ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ በሹክሹክታ፣ «መዋሸትዎ ካልቀረ ለምን ምንም አላሉም?» አለቻት።

«ሞኝ! ምንም ያልሽ እንደሆን ሽታው ያጋልጥሻል። ሁለት ያለ ሰው ግን የተናዘዘ ነው የሚመስል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች አንድ ሥራ ያዙ። የልብስ ሰፊዋ እህት ከሱቁ በጆንያ ቁርጥራጭ ጨርቅ አምጥታ ነበር፤ አልጋ ላይ ተቀምጣ ትራስ ትሰፋበታለች ተብሎ። እናትየው ጨርቁን እያጣጠፈች ከውስጥ ትለብሰዋለች፣ የቆሸሸውን በፌስታል ትቋጥራለች፣ ልብስ ሰፊዋ ፌስታሉን በክራንቿ እጀታ አንጠልጥላ ከሽንት ቤቱ ቆሻሻ መጣያ ትጥለዋለች። የሌሊት ልብሷንም እናትየው ራሷ በእጅ መታጠቢያው ላይ ታጥበው ነበር፣ ዳሌዋ ውስጥ ያለው ብረት ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ። ልብስ ሰፊዋ ስትመለስ በሩ ላይ ከተሰቀለው አልኮል ሁለት ጊዜ ጠብ አድርጋ እጇን ታሻሽና ዳቦዋን ትቆርሳለች። አልኮል ብዙ ነገር ይገድላል። ይኼኛውን የአንጀት ተሕዋስ ግን አይገድለውም፤ ሳሙናና ውሃ ከእጅ ያጥበው እንደሆን እንጂ፣ ከዕቃ የሚያጠፋው በረኪና ነው። ይህን ከሁለቱ አንዷ ታውቀው ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት የምታስበው ስለ ሌላ ነገር ነው።

በሦስተኛው ቀን ረጅሟ ነርስ የሲስተርን ቢሮ በር ገፋ አድርጋ ገባች።

«ሲስተር፣ ዘጠኝ ቁጥር አካባቢ ያ የአንጀት ሕመም ሽታ አለ። መቼም ታውቂዋለሽ።»

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ሁለት። ትናንትም ሁለት፣ ከትናንት ወዲያም ሁለት።»

«እና?»

«እናማ ናሙና እንላክ። እናትሽ ናቸው፣ ማን ምን ይለናል?»

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እናቴ ስለሆነች ነው የማንልከው። ባለፈው ሳምንት የአራት ቁጥሯ ልጅ እባካችሁ መርምሩልኝ ብላ ስታለቅስ፣ ሁለት ብቻ ነው ብለን አልመለስናትም? ለእኔ እናት ሲሆን ሁለት ሦስት ሊሆን ነው?»

«ሽታውስ?»

«ሽታ አይፈረምበትም።»

ረጅሟ ነርስ ትከሻዋን ነቅንቃ ወጣች። ሲስተር ያን ቀን ሙሉ ደስ የሚል ስሜት አልተለያትም፤ የራስን ሰው ከሌላው እኩል ያስተናገደ ሰው የሚሰማው ዓይነት። ማታ ወደ ቤት ከመሄዷ በፊት እናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ገርጥተሻል። ምግብም አልነካሽ። ሆድሽ ግን እንዴት ነው?»

«ሁለት ጊዜ ብቻ። የናንተው ሾርባ ነው። ውሃውን ለእኔ አፍልታችሁ ድንቹን ለማን እንደምትሰጡት እንጃ።»

ሲስተር ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የተኛች መሰለች። ቀን ሙሉ ሳትናገር መዋሏን ልብ ያለ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን እናትየው አተኮሳት። ትንሹ ዶክተር መጣ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ ቁስሏን ፈትቶ አየ፣ በመጨረሻም ከአልጋው እግርጌ ወረቀቱን አንሥቶ አገላበጠ። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት።

«ፀረ ተሕዋሱን ሰባት ቀኑን ጨርሰዋል» አለ። «እኔ ብሆን አሁን ሌላ ሳልጨምር... ሆዳቸው እርግጠኛ ነን?»

«ተጽፏል አይደል?» አለች ሲስተር። «ያ የሽንቱ ነገር ነው። መድኃኒቱ አቅም አንሶታል።»

ዋናው ሐኪም በዙር ሲያልፍ ትኩሳቱን አየ፣ ቁጥሩን አየ፣ ሲስተርን ሰማ፣ ከበፊቱ የበረታ መድኃኒት አዘዘ። ሰው በአንጀቱ ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ደጋግ ተሕዋስያን ይዞ ይኖራል፤ ክፉው እንዳይሰፍር ቦታውን ይዘው የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያው መድኃኒት አብዛኞቹን ጠርጎ ነበር። ሁለተኛው የተረፉትን ጠረጋቸው። ክፉው ብቻ ቤቱ ባዶ ሆኖለት ተደላደለ።

ተቅማጡ በጀመራት በስድስተኛው ቀን ጠዋት እናትየው ሽንት ቤት አልሄደችም። ተንጋልላ፣ ላብ ላብ ብሏት፣ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «አየሽ? ተያዘልኝ።»

ነርሷ መጥታ ስትጠይቃት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገረች፤ ምንም የለም። ዜሮ ተጻፈ። አንጀቷ ግን ሥራ አቁሞ ነበር፤ ረፋድ ላይ ሆዷ መነፋት ጀመረ። እኩለ ቀን ሲሆን አንሶላውን እንደ ከበሮ ወጥሮት ነበር፣ ከንፈሯም ሰማያዊ እየሆነ ነበር። ሲስተር የደም ግፊት መለኪያውን ይዛ ሮጣ ስትመጣ፣ ልብስ ሰፊዋ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋን በቁራጭ ጨርቅ ትጠርጋለች።

«ሲስተር፣ ውሸት ነው።»

«ምኑ?»

«ሁለቱ። ሁለት ጊዜ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው ቀን አምስት ነው። ከዚያ ሰባት፣ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ ዘጠኝ። ትናንት ዐሥራ አንድ፣ እንቅልፍ ሲወስደኝ ያለፈኝን ሳልጨምር።»

«ወሬኛ!» አለች እናትየው ዓይኗን ሳትገልጥ። «ጨርቁን ከምትሰፊ አፍሽን ብትሰፊው ምናለ።»

ሲስተር እጇን እናቷ ሆድ ላይ አሳረፈች። ስትነካው እናትየው ጥርሷን ነከሰች። በሃያ ሦስት ዓመት ሥራዋ እንዲህ ያለ ሆድ አራት ጊዜ ነክታለች። ከአራቱ በእግሯ ወደ ቤቷ የሄደች አንዲት ነበረች።

«ለምን፣ እማዬ?»

«ስድስት ቀን እኮ ነው የቀረሽ።»

«ምን ስድስት ቀን? የምን...» ሲስተር ገባት። የሚወጣው ድምፅ ጩኸት ሆነባት። «ናሙና እንላክ ብለውኝ ነበር! ለምነውኝ ነበር! እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ! እናቴ ስለሆነች አላዳላም ብዬ!»

«ሰምቻለሁ» አለች እናትየው። «ረጅሟ ስትመለስ እየተነጫነጨች ነገረችኝ። ደስ አለኝ። የሰው ፊት አይታ አታዳላ ብዬ ነው ያሳደግኩሽ።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በፍጥነት ሆነ። ናሙናው ተላከ፣ ውጤቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጣ፣ የተፈራው የአንጀት ተሕዋስም ተገኘ። በደም ሥር ይሰጥ የነበረው መድኃኒት ቆመ፣ በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ ሌላ ተጀመረላት። ወደ ነጠላው ክፍል አዛወሯት። የሆድ ቀዶ ሐኪሙ መጥቶ፣ «ትልቁ አንጀት መውጣት አለበት፤ ትናንት ብትጠሩኝ ሌላ ነገር እላችሁ ነበር» አለ። 

ወደ ቀዶ ሕክምናው ሊወስዷት አልጋውን ሲገፉ እናትየው የልጇን እጅጌ ያዘች።

«ሕመሙን ከቤት ይዛው መጣች በያቸው።»

«አልልም።»

«ግትር። ስሚ እንግዲያው፤ አንሶላዎቹን ለብቻ። በፈላ ውሃ፣ በበረኪና። እነዚያ ልጆች አያውቁም፣ ራስሽ ወርደሽ ንገሪያቸው።»

ሲስተር ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ምድር ቤት ወረደች። አንሶላዎቹን በሁለት ከረጢት ጠቅልላ ይዛለች። የማጠቢያው ሠራተኛ ሰምታት ሰምታት፣ «ሲስተር፣ በረኪና ከስቶር ከቀረ እኮ ሁለት ዓመቱ ነው» አለቻት። «እትዬ ጡረታ እንደወጡ ነው የቀረው። ይኼ አዲሱ ልብስ አይበላም ብለው።»

እናትየው በማግስቱ፣ ጠያቂ በሚገባበት ሰዓት ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ሲስተር አንድ ሳምንት እንድታርፍ ተነገራት፤ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። የተሕዋስ መከላከል ኃላፊው ቢሮዋ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቃት። ደግ ሰው ነው፣ ደግነቱም ከልቡ ነበር። የእናቷን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል።

«ልጨቀጭቅሽ አልፈልግም» አለ። «እንደ ወረቀቱ ከሆነ ሦስት የሞላ አንድም ቀን የለም። በደንባችን ሦስት ያልሞላ በክፍሉ ላይ አይቆጠርም። ደንቡ ደግሞ ያንቺ ነው። የሞተ አይመለስ፣ ለምን ክፍሉን እናበላሻለን? እንዳለ ልተወው።»

ሲስተር ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ከቀይ እስክሪብቶዋ ሌላ አጠገቧ አልነበረም። በእያንዳንዱ ሁለት ላይ ሰረዝ እያደረገች ከጎኑ ጻፈች፤ አምስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አንድ። ከእያንዳንዱ ሥር ፈረመች። ከታች ባለው ባዶ ቦታ ደግሞ፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ያለ በቂ ምክንያት በእሷ ግፊት እንደታዘዘ፣ ናሙናም እንዳይላክ የከለከለችው እሷ እንደሆነች ጻፈች።

«ሲስተር፣ አንድ ጊዜ የተፈረመ ወረቀት ላይ...»

«እኔም ፈርሜበታለሁ።»

ትንሹን ዶክተር ኮሪደር ላይ አገኘችው። ሊያልፋት ፈልጎ ሳይሆንለት ቆመ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ያስጻፍኩህ እኔ ነኝ።»

«ያም ሆኖ እጁ የእኔ ነው።»

 ከሰዓት በኋላ ሜትረኗ ልታጽናናት መጣች፤ ስለ እናቷ ጥሩ ጥሩ ነገር አወራች፣ ስለ ወንበሩ አላነሣችም። ሲስተርም አልጠየቀቻትም።

በማግስቱ ማለዳ ክፍሉን ስትዞር ዘጠኝ ቁጥር ላይ አዲስ በሽተኛ ተኝታ ነበር፣ የእጇ አንጓ የተሰበረ የትምህርት ቤት ጸሐፊ። ዐሥር ቁጥር ጋ ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባለች። ፊቷ ከስቷል። ወሬ አልጀመረችም። ሲስተር ወረቀቷን አነሣች፤ ትናንት፣ በረጅሟ ነርስ እጅ ጽሑፍ፣ ሁለት።

«ስንት ጊዜ ነው?» አለቻት።

«ሁለት።»

«እኔን እያየሽ ንገሪኝ።»

«ሁለት አልኩ እኮ! ምነው፣ እናትሽን አምነሽ እኔን...» ልብስ ሰፊዋ ከአፏ የወጣውን ስትሰማ ደነገጠች። «ይቅር በይኝ። አፌን እትዬ እንዳሉት...» ሳትጨርስ ብርድ ልብሱን ገፈፈችና ክራንቿን አንሥታ እየተንገዳገደች ወደ ሽንት ቤት ሮጠች፤ ጀሶ ያለበት እግር በሚሮጠው መጠን።

ሲስተር ከነርሶቹ ጠረጴዛ አንድ ወንበር ጎትታ ሽንት ቤቱ በር ላይ አስቀመጠችና ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ረጅሟ ነርስ ከወዲያ አየቻት፤ ልትመጣ አሰበችና ተወችው።

«ማነው?» አለ ከውስጥ ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«እጠብቅሻለሁ።»

«ሰው እየጠበቀኝ አይወጣልኝም! ሂጂ እባክሽ፣ ሥራ የለሽም?»

«ሥራዬ ይኼ ነው።»

 ክራንቹ ወለሉ ላይ ወደቀና ተንኳኳ። ስድብም ተሰማ፣ ለክራንቹ ይሁን ለሲስተር አይለይም። ከዚያ ድምፁ ዝግ ብሎ መጣ።

«እዚያች ክፍል አልገባም። እትዬ ገብተው አልወጡም።»

«እማዬ የገባችው አምስት ቀን ዘግይታ ነው። አንቺ ዛሬ ብትገቢ የምትጠጪው ሽሮፕ ነው፣ የማንም ቢላ አይነካሽም።»

«እንዲህ ብለሽ ትምይልኛለሽ?»

«አልምልልሽም። ብዙ ጊዜ ሰው ይድናል፣ ቶሎ ከተያዘ። የማውቀው ይኼን ነው።»

በሩ ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ግንባሯ ላብ አውጥቶ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የሲስተርን ቀይ ዓይኖች አየች፣ ጭኗ ላይ ያለውንም ወረቀት።

«ስንት ብለሽ ጻፍሽ?»

«አንድ።»

«ገና ጠዋት እኮ ነው» አለችና፣ ክራንቿን አዙራ ተመልሳ ገባች።